የመጀመሪያው ክሊክ የነሱ ነው

ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ኢንተርኔት ቤት አለችኝ። ዘጠኝ ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር፣ ወረቀት ማኘክ የሚወድ አንድ ፎቶ ኮፒ። ደንበኞቼ ግማሾቹ ተማሪዎች ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ ቅጽ ለማስሞላት፣ ሲቪ ለማስጻፍ፣ ዲቪ ለመሙላት ብቅ የሚሉ የሰፈር ሰዎች። ስለ ፖፕአፕ፣ ሳትጠሩት ዘሎ ስለሚከፈተው መስኮት፣ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከነዚህ ሰዎች ጀርባ ቆሜ ነው።

አንድ ቀን፣ የዲቪ ሰሞን ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል። ጥግ ላይ ያለው ልጅ ፊልም ሊያወርድ አንድ ሳይት ውስጥ ገብቷል። አጠገቡ አንድ ጋሼ የልጃቸውን ፎቶ ስካን እስካደርግላቸው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ድንገት ከስፒከሩ ሳይረን የመሰለ ጩኸት ለቀቀው። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ኮምፒውተሩ ተቆልፏል፣ እንዳታጠፉት፣ አሁኑኑ በዚህ ስልክ ደውሉ እያለች ትደጋግማለች። ልጁ ማውዙን ይነቀንቃል፣ ኤክሷን ይጫናል፣ ጭራሽ ሌላ መስኮት ይከፈትበታል። ላቡ መጣ። ጋሼ ወደኔ ዞሩና "ልጄ፣ ፖሊስ ነው እንዴ የሚመጣው?" አሉኝ።

ፖሊስም አልመጣ፣ ኮምፒውተሩም አልተቆለፈ። ያ ሁሉ ጩኸት አንድ ተራ ድረ ገጽ ነበር። ስክሪኑን ሙሉ ስለያዘና ድምፅ ስለሚያጫውት ብቻ ትልቅ ነገር ይመስላል። ሰውን አስደንግጦ ማስደወል ነው ሥራው፣ ከዚያ ስልኩን የሚያነሳው ሰውዬ "ላስተካክልልህ" ብሎ ገንዘብ ይጠይቃል ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ ልግባ ይላል።

እንዲህ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ኤስኬፕ የምትለዋን ቁልፍ ትንሽ ጫን ብላችሁ ያዟት። ሙሉ ስክሪኑ ይለቃል፣ ከዚያ ታቡን መዝጋት ነው። እምቢ ካለ ኦልት እና ኤፍ 4። እሱንም እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማኔጀር ይመጣል፣ ብራውዘሩን ፈልጋችሁ ኢንድ ታስክ በሉት። ብራውዘሩ እንደገና ሲከፈት የነበሩትን ገጾች ልመልስልህ ወይ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እንዳትመልሱ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠመኝ ቀን በድንጋጤ ሶኬቱን ነቀልኩት፣ እፎይ አልኩ፣ መልሼ አስነሳሁትና ሪስቶር የምትለዋን ተጫንኩ። ሳይረኑ እንደገና ለቀቀብኝ። በገዛ እጄ።

ለመሆኑ ይሄ ነገር ከየት መጣ? ፖፕአፕን የጻፈው ሰው ይታወቃል። ኢታን ዙከርማን ይባላል፣ በ1990ዎቹ ትራይፖድ የሚባል ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ነውረኛ ነገር የተጻፈበት ገጽ ላይ ወጥቶበት ተቆጣ። እነ ዙከርማን ታዲያ ማስታወቂያው ከገጹ ጋር እንዳይያያዝ በሚል ለብቻው መስኮት እንዲከፈት አደረጉ። በቃ፣ እንዲህ ነው የተጀመረው። ሰውየው በ2014 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ በሚባለው መጽሔት ላይ ይቅርታ ጠይቋል። እኔ በበኩሌ ገና አልተቀበልኩትም።

በኋላ ብራውዘሮቹ ራሳቸው መከላከል ጀመሩ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እንኳን በ2004 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛው ሰርቪስ ፓክ ጋር ፖፕአፕ ማገጃ መጣለት። ዛሬ ሁሉም ብራውዘር ሕግ አለው፦ ተጠቃሚው ካልነካ በስተቀር ገጹ በራሱ አዲስ መስኮት መክፈት አይችልም። ታዲያ ለምን አሁንም ይከፈታል? እናንተ ስለነካችሁ ነው። ፊልሙ ላይ ያለችው የፕሌይ ምልክት ላይ የማይታይ፣ እንደ መስታወት ያለ ንጣፍ ያነጥፉባታል። ፕሌይን የነካችሁ ይመስላችኋል፣ የነካችሁት ግን ንጣፉን ነው። ብራውዘሩም "ሰውየው ነክቷል" ብሎ መስኮቱን ይከፍታል። ሕጉን አክብሮ!

ተማሪዎቼ ይሄንን ከኔ በፊት ነው የሚያውቁት። "የመጀመሪያው ክሊክ የነሱ ነው" ይላሉ። አንዴ ይጫናሉ፣ የተከፈተውን ታብ ይዘጋሉ፣ ተመልሰው ይጫናሉ። ሦስቴ የሚያስጫን ሳይት አለ። ልክ እንደ ታክሲ ሂሳብ ከፍለው ነው የሚገቡት፣ ማንም አይናደድም። እኔ ግን እናደድ ነበር፣ ምክንያቱም የሚከፈተውን ታብ ከመዝጋት ይልቅ የሚያነብ ሰው አለ።

እናቴ ለምሳሌ።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዱባይ ያለችው እህቴ ሳምሰንግ ልካላታለች። መዝሙር ትሰማለች፣ ዜና ታያለች፣ የእድሩ ሰዎች የላኩላትን ሊንክ አንድም ሳታስቀር ትከፍታለች። ለፋሲካ ሄጄ አንድ ክፍል አደርን፣ ስልኳ ሌሊቱን ሙሉ ቲንግ ቲንግ ሲል አደረ። ጠዋት አንስቼ አየሁት። አንዱ ስልክዎ 13 ቫይረስ ተገኝቶበታል ይላል። አንዱ እንኳን ደስ አለዎት፣ አይፎን አሸንፈዋል። አንዱ ባትሪዎ እየሞተ ነው። አንዷ ደግሞ እናት ፊት የማይከፈት ፎቶ ይዛለች። "ይሄ ምንድነው?" ስላት "እንጃ ልጄ፣ እንደ ዝንብ እሽ እሽ እያልኩ ለምጄዋለሁ" አለችኝ። ለካ ለሳምንታት አንድ በአንድ በጣቷ ወደ ጎን ስትጠርጋቸው ኖራለች። ሰፈሯ ያለ ስልክ ጠጋኝ ደግሞ ቫይረስ ነው፣ ፍላሽ መደረግ አለበት ብሎ ዋጋ ነግሯታል። ፍላሽ ቢያደርገው የልጅ ልጆቿ ፎቶ ሁሉ ድራሹ ይጠፋ ነበር።

ቫይረስ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። የሆነ ገጽ ከፍታለች፣ ገጹ "ቪዲዮውን ለማየት አላው የሚለውን ይጫኑ" ወይም "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው ይበሉ" ብሏታል። እሷም አላው ብላለች። ያቺ አላው ቪዲዮ አትከፍትም። "ወደፊት ገጹ ተዘግቶም ቢሆን ስልኬ ላይ መልእክት ላክልኝ" የምትል ፈቃድ ናት። አንዴ ከሰጣችሁ በኋላ መልእክቶቹ የሚመጡት በክሮም በኩል ስለሆነ ስልኩ ራሱ የተናገረ ይመስላል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ አንድ ድረ ገጽ ስልካችሁን ፈትሾ ቫይረስ መቁጠር አይችልም። 13 ያለው ሰውዬ 13ን ከኪሱ ነው ያወጣት።

ያደረግኩት ይሄን ነው። ክሮምን ከፈትኩ፣ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነካሁ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ። እዚያ የተፈቀደላቸው ሳይቶች ዝርዝር አለ። እናቴ 22 ሳይት ፈቅዳለች፣ አንዱንም አታውቀውም። ስማቸው ራሱ ድመት ኪቦርድ ላይ የተራመደች ነው የሚመስለው። ሁሉንም አጠፋሁ፣ ከዚያ ላይ ያለችውን ዋናዋን ማብሪያ ዘጋሁ፣ ከእንግዲህ የትኛውም ሳይት ልላክ ብሎ እንዳይጠይቃት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። እናንተም ስልካችሁ ላይ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ጫን ብላችሁ ብትይዙት ከየት እንደመጣ ያሳያችኋል፣ እዚያው ማጥፋትም ይቻላል። ኮምፒውተር ላይም መንገዱ ያው ነው፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ። እዚያው ሠፈር ፖፕአፕስ ኤንድ ሪዳይሬክትስ የሚል አለ፣ መዘጋቱን እግረ መንገዳችሁን እዩ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን እናቴ ደወለች። "ስልኬ ዝም አለ። አበላሸኸው እንዴ?"

ማስታወቂያው ብራውዘር ሳትከፍቱ ሆም ስክሪኑ ላይ ዘሎ የሚወጣ ከሆነ ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው። ያ አፕ ነው። ከፕሌይ ስቶር ውጪ የተጫነ ኤፒኬ (የአፕ ፋይል)፣ "ስልክ አጽጂ" የሚል አፕ፣ ስልኩን እንደ እጅ ባትሪ የሚያበራ አፕ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ችግሩ ከጀመረ ወዲህ የጫናችሁትን አጥፉ።

ይሄ እንግዲህ መጥረግ ነው። ዋናው ነገር መጀመሪያውኑ እንዳይገባ ማድረግ ነው፣ ለዚያ ማገጃ ያስፈልጋል። ቤቴ ያሉት ዘጠኙም ኮምፒውተሮች ላይ ፋየርፎክስ የሚባለውን ብራውዘር ዩብሎክ ኦሪጅን ከሚባል ማገጃ ጋር ጭኛለሁ። ዩብሎክ ኦሪጅንን የሠራው ሬይመንድ ሂል የሚባል ሰው ነው፣ በነጻ ነው የሚሰጠው፣ የገንዘብ ስጦታ እንኳን አይቀበልም። ስሙን በደንብ አንብቡ፣ ኦሪጅን የምትለዋ ቃል ታስፈልጋለች። ዩብሎክ ብቻ የሚባል ሌላ አለ፣ ከአንድ ዘር የመጡ ናቸው ግን ዛሬ ሌላ ሰው ነው የያዘው። እኔ መጀመሪያ የጫንኩት እሱን ነበር፣ ወር ሙሉ "ይሄ ነው እንዴ ያወሩለት?" ስል ከረምኩ።

ከጫናችሁት በኋላ ምንም መነካካት አያስፈልግም። ጥግ ላይ ቀይ ጋሻ ትመጣለች፣ አጠገቧ ቁጥር ትቆጥራለች፣ ያቺ ቁጥር ገጹ ላይ የታገደው ነገር ብዛት ናት። ያ ሳይረን የጮኸበትን ልጅ ሳይት በማግስቱ ከፍቼ አየሁት። ገና ሳልነካው 40 አለፈ። ፕሌይን ስነካ ፊልሙ ጀመረ። በመጀመሪያው ክሊክ! ልጁን ጠርቼ አሳየሁት፣ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር እስከዛሬ ነበረ?" አለኝ፣ ቅሬታ ባለው ድምፅ። (ፊልሙን ከዚያ ማውረዱ ራሱ ልክ ነው ወይ የሚለውን ሌላ ቀን እናወራለን፣ እኔ የኮምፒውተሩ ሰዓት ነው የማስከፍለው።)

ለምን ክሮም አልሆነም ትሉኝ ይሆናል። ክሮም ላይም ነበር፣ ለዓመታት። ጉግል የኤክስቴንሽኖችን፣ ብራውዘር ላይ የሚጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ አሠራር ቀየረና ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድሮዎቹን እያጠፋ መጣ፣ ዩብሎክ ኦሪጅንም አብሮ ሄደ። አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሮቹን ስከፍት ይሄ ኤክስቴንሽን ከእንግዲህ አይሠራም የሚል ጽሑፍ ጠበቀኝ። አሁን ለክሮም ያለው ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት የሚባለው ነው። መጥፎ አይደለም፣ ለተራ ሰው ይበቃል፣ ግን ስሙ እንደሚለው ቀለል ያለ ነው፣ አንዳንድ ብልጥ ሳይት ያልፈዋል። ክሮምን መተው ካልፈለጋችሁ እሱን ጫኑ። እኔ ግን ብራውዘር መቀየሩን መረጥኩ፣ ደንበኞቼም የፋየርፎክስ አርማ ከሆነችው ቀበሮ ጋር ተላምደዋል።

ማስታወቂያ ማገድ የስስት ነገር ይመስለው የነበረ ሰው አውቃለሁ፣ ራሴን። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ማስታወቂያ ማገጃ እንዲጠቀሙ የመከረበትን ማሳሰቢያ ሳነብ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። ምክንያቱ ደግሞ እኔ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። አንድ ሰው የሆነ ድርጅት ስም ጽፎ ሲፈልግ፣ ከሁሉም በላይ ማስታወቂያ ሆኖ የሚመጣው አንዳንዴ የዚያን ድርጅት መልክ ለብሶ የተቀመጠ የሌባ ገጽ ነው። ዲቪ ሊሞላ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ውጤት ሲጫን ስንቴ እጁን ይዣለሁ!

ስልክ ላይስ? ክሮም ለአንድሮይድ ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ፋየርፎክስ ለአንድሮይድ ግን ይቀበላል፣ ዩብሎክ ኦሪጅንን እንደ ኮምፒውተር አድርጋችሁ ትጭናላችሁ። መጫን የሚከብደው ሰው ብሬቭን ያውርድ፣ ማገጃው አብሮት የተሠራ ነው፣ አይፎን ላይም ይሠራል። የሚገርማችሁ፣ ብሬቭን ከመሠረቱት አንዱ ብሬንዳን አይክ ነው፣ ገጾች ፖፕአፕ የሚከፍቱበትን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕትን፣ በ1995 በ10 ቀን የጻፈው ሰው። ችግሩንም መድኃኒቱንም ከአንድ ቤት እንደመግዛት ነው። ኦፔራ ሚኒም ማስታወቂያ ማገጃ አለው፣ ገጹንም በራሱ ሰርቨር ጨምቆ ስለሚልክ የዳታ ጥቅል ይቆጥባል፣ አሮጌ ስልክ ላይ አንደኛ ነው። ለባንክ ግን አልጠቀምበትም፣ ያ የመጭመቁ ሥራ መሀል ላይ ሌላ ሰርቨር አለ ማለት ነውና።

ለእናቴ ያደረግኩት ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ያለው ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚባል ነገር አለ፣ ሳምሰንግ ላይ ኮኔክሽንስ ውስጥ፣ ሞር ኮኔክሽን ሴቲንግስ ስር። ዲኤንኤስ የሳይቱን ስም ወስዶ አድራሻውን የሚያመጣ አገልግሎት ነው፤ እዚያ የማስታወቂያ አድራሻዎችን የማይከፍት ዲኤንኤስ ትጽፋላችሁ። እኔ አድጋርድ የሚባለውን ድርጅት ነው የጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገባው፦ ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ አድጋርድ፣ ሰረዝ፣ ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ኮም። በቃ። አፕ አይጫንም፣ አፖች ውስጥ ያለውን ማስታወቂያም ብዙውን ያስቀራል። ዩቲዩብን ግን አይችለውም፣ ቪዲዮውና ማስታወቂያው ከአንድ ቦታ ስለሚመጡ። አንድ ጣጣም አለው። ሆቴል ወይም ካፌ ዋይፋይ ላይ መግቢያ ገጹ አልመጣም፣ ኔትም የለም ካላችሁ ይሄን ወደ አውቶማቲክ መልሱት፣ ገብታችሁ ስትጨርሱ እንደገና አብሩት። እናቴ ሰርግ የሄደችበት ሆቴል ውስጥ ኔት ጠፋብኝ ብላ ደውላ ሃያ ደቂቃ በስልክ የመራኋት በዚህ ምክንያት ነው። "ልጄ፣ የድሮው ቲንግ ቲንግ ይሻል ነበር" ብላኛለች።

አሁን ወደ ስክሪፕት፣ ገጹ ውስጥ ተደብቆ ወደሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ እንምጣ፣ እኔ የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

አንድ ገጽ ስትከፍቱ የምታገኙት ያንን ገጽ ብቻ አይምሰላችሁ። አንድ ሰው ቡና ጠርታችሁ ሠላሳ ሰው አስከትሎ ሲመጣ አስቡት። ዜናውን የጻፈው አንዱ ነው፣ ሌሎቹ አንዱ የት እንደነበራችሁ ይጠይቃል፣ አንዱ ማውዛችሁ የት እንደሄደ ይጽፋል፣ አንዱ ማስታወቂያ ይጎትታል፣ አንዱ ያ ማስታወቂያ መታየቱን ይቆጥራል። እነዚህ ናቸው ስክሪፕቶቹ፣ አብዛኞቹ ከሌላ አድራሻ የሚመጡ። ጉዳቱ ደግሞ ማየት ብቻ አይደለም። ከ2017 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ኮይንሃይቭ የሚባል አገልግሎት ነበር፣ የሱን ስክሪፕት ገጽ ላይ ያስቀመጠ ሰው በጎብኚው ኮምፒውተር ሞኔሮ የሚባል ክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ይቆፍርበት ነበር። ገጹን ያነበባችሁበት ሰዓት ሁሉ የእናንተ መብራት፣ የእናንተ ፕሮሰሰር፣ የሰውየው ገንዘብ።

ይሄን ባወቅኩ ሰሞን እልህ ያዘኝና ኖስክሪፕትን ጫንኩ። ኖስክሪፕት ከ2005 ጀምሮ ያለ የፋየርፎክስ ኤክስቴንሽን ነው፣ እናንተ ካልፈቀዳችሁለት በስተቀር የትኛውንም ስክሪፕት አያስሠራም። ማንነትን በሚደብቀው ቶር ብራውዘር ውስጥም ያለው እሱ ነው። ጥንካሬው የሚያስደስት ነው፣ ግን ዘጠኙም ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ጠዋት ቤቱን ከፈትኩ። ኧረ ጉድ ነው የፈላው! ኢሜይል አይከፈትም፣ ቅጽ አይሞላም፣ ካርታ የለም፣ ቪዲዮ የለም። እስከ ረፋዱ ድረስ "ጋሼ ይሄ ነገር ነጭ ሆነብኝ" የማይለኝ ሰው አልነበረም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ሳትጠይቀኝ ከሁሉም ላይ አጠፋችው። ትክክል ነበረች።

ስለዚህ ኖስክሪፕት የራሱን ኮምፒውተር ለያዘና ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ስቃይ ነው፣ የምትገቡባቸውን ሳይቶች አንድ በአንድ እየፈቀዳችሁ ትሄዳላችሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ይረጋጋል። ለእኔ የተመቸኝ ሌላ መንገድ ነው። ዩብሎክ ኦሪጅንን ስትነኩት ከሚመጡት ትንንሽ ምልክቶች አንዷ ለዚያ ሳይት ብቻ ጃቫስክሪፕትን ታጠፋለች። ማንበብ ብቻ የምፈልግባቸው፣ ግን ጽሑፉን ሁለት መስመር ሳላነብ ኢሜይልህን ስጠኝ፣ ተመዝገብ፣ ማገጃህን አጥፋ የሚሉኝ ሳይቶች ላይ እጫናታለሁ። አስቸጋሪው ሳጥን ይጠፋል፣ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ይቀራል። አንዳንዱ ሳይት ባዶ ይሆናል፣ ያኔ መልሼ አበራዋለሁ። አንድ ግትር ሳጥን ብቻ ከሆነ ያስቸገረኝ ደግሞ እዚያው ያለችውን የመብረቅ ምልክት ነክቼ ሳጥኑን እመታዋለሁ፣ ብን ይላል። ተማሪዎቹ ይቺን ነገር እንደ ጌም ነው የሚጫወቱባት።

ሴቲንጉ ውስጥ ደግሞ ፊልተር ሊስትስ የሚል ገጽ አለ። ኩኪ ኖቲስስና አኖያንስስ ከሚሉት ስር ያሉትን ምልክት አድርጉባቸው፣ ኩኪ ተቀበል የሚሉትን ባነሮች ብዙዎቹን ያስቀሩላችኋል። አውሮፓ ያላችሁ ይሄን በተለይ እንደምትወዱት እገምታለሁ፣ የእናንተ ኩኪ ሳጥን ከኛ ይብሳል።

አንድ ማገጃ የማያስጥላችሁ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄኛው አዲስ ነው፣ ደግሞም ክፉ ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ መጽሐፍ ሊያወርድ ገብቶ "ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ" የሚል ሳጥን መጣለት። የለመድነው ዓይነት ነው፣ አርማው ምናምኑ ሁሉ። ከስሩ ሦስት መመሪያ አለ፦ የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫን፣ ከዚያ ኮንትሮል ቪ፣ ከዚያ ኢንተር። ልጁ ሁለቱን አድርጎ ኢንተር ላይ ጣቱን አሳርፎ "ጋሼ፣ ይሄ ትንሽ ሳጥን ምንድነው?" አለኝ። ጥሩ ነገር ጠየቀ! ገጹ እሱ ሳያውቅ ክሊፕቦርዱ (ኮፒ የተደረገ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ አንድ ረጅም ትእዛዝ ኮፒ አድርጎ ነበር፣ ልጁ ደግሞ በገዛ እጁ ኮምፒውተሩ ላይ ፔስት አደረገው። ኢንተር ቢል ትእዛዙ ከኢንተርኔት ሌላ ፕሮግራም ጎትቶ ያስሠራል፣ ፓስወርድ የሚለቅም። ብራውዘሩ አያግደውም፣ ምክንያቱም ከብራውዘሩ ውጪ የሚሠራው ሰውየው ራሱ ነው። ሮቦት አለመሆኑን ለማረጋገጥ ማንም ትክክለኛ ሳይት ኪቦርድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አያስነካም። ፎቶ ያስመርጣችኋል፣ ምልክት ያስደርጋችኋል፣ ከዚያ አያልፍም።

ስለ ገንዘባቸውም ላንሳ። አንዳንድ የአማርኛ ሳይቶች የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፣ ሁለት ሦስት ሰው ሆነው የሚጽፉ ልጆች አሉ። ማስታወቂያቸው ቀጥ ብሎ የተቀመጠ፣ የማይዘልና የማይጮህ ከሆነ ለነሱ ማገጃዬን አጠፋለሁ፣ ጋሻዋን ነክቶ ትልቋን የማብሪያ ምልክት መጫን ብቻ ነው፣ ለዚያ ሳይት ብቻ ያስታውሰዋል። ሟርት የሚያሟርት፣ ቫይረስ አለብህ የሚል ማስታወቂያ የለቀቀብኝን ግን አማርኛ ይጻፍ ግዕዝ ይጻፍ አልምርም።

እኔን ራሴን ያዋረደችኝን ነገር ደግሞ ልናገር። አንድ ወንድም ከክፍለ ሀገር መጥቶ የሆነ መሥሪያ ቤት ሳይት ላይ ቅጽ ሞላ፣ በሞባይል ከፈለ፣ ደረሰኝ አትም የሚለውን ተጫነ። ምንም። ደግሞ ተጫነ። ምንም። ኔት ነው አልኩት። ፕሪንተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ገጹን አስጀመርኩት፣ ደግሞ ክፈል ሊለው ደረሰ። ሰውየው አውቶቡስ አለብኝ እያለ ሰዓቱን ያያል። አርባ ደቂቃ ከጨነቀኝ በኋላ ነው ዓይኔ የአድራሻ መጻፊያው ስር ያለችው ቢጫ መስመር ላይ ያረፈው። ፋየርፎክስ ይሄ ሳይት ፖፕአፕ ሊከፍት ሲል አግጄዋለሁ እያለ እየነገረኝ ነበር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። ደረሰኙ የሚወጣው በፖፕአፕ ነው! እንዲህ የሚሠሩ ሳይቶች ብዙ ናቸው፣ በተለይ ቆየት ያሉት፣ ደረሰኝም ፒዲኤፍም የባንክ ማረጋገጫም በትንሽ መስኮት የሚከፍቱ። ኦፕሽንስ የምትለዋን ነክቼ ለዚያ ሳይት ፈቀድኩ፣ ደረሰኙ አምስቴ ወጣ፣ አምስቴ ስለተጫነ። ሂሳብ አልተቀበልኩትም።

ማታ ቤቱን ስንዘጋ ልጅቷ በማርከር አንድ ወረቀት ላይ ጽፋ ዘጠኙም ሞኒተር ላይ ለጠፈችው፦ "ደረሰኝ ካልመጣ ቢጫዋን መስመር እዩ። ካልሆነ ጋሻዋን አጥፉና ገጹን እንደገና አስጀምሩት። ካልሆነ እሱን ጥሩት።" እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ።